በስተርጅና የጡት ልጅ መሆን

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ ነበር። ጀርባው ላይ «የአረጋውያን ወዳጅ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዕድሜዬን ሙሉ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል አቃተኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የእኔን ቤት መዋል አልቻለችውም። «እባክህ አንድ ቦታ ሂድና ሌላ ሰው ላይ ጩህ» አለችኝ። በከተማችን አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የሚያጫውቱና የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ስለነበር እዚያ ተመዘገብኩ።

አስተባባሪያችን ሲስተር ዘይነብ ትባላለች። ለሥራ ከደሴ የመጣች ነርስ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ስትቆጣ ግን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው የምፈራት። ሥልጠናው ላይ ያስተማረችን አጭር ነው፤ አረጋዊው ራሱ የሚችለውን አትንኩበት፣ የማይችለውን አብራችሁት ሥሩ፣ ዋናው ነገር በገዛ ቤቱ እንዲኖር ነው። «ሸክም እንድታቀሉ ነው የምልካችሁ» አለች። ቀላል መሰለኝ። ዓባይ በረሃን በጭጋግ ሲወጣ የኖረ ሰው አንዲት አሮጊት ታቅተዋለች?

የደረሱኝ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንድ ልጃቸው ደሳለኝ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እሳቸው ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከከተማው ዳር፣ ጓሮ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ።

በሩን ሳንኳኳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ። ሰደርያዬን አዩና «ቆጣሪው ከጓሮ ነው» ብለው ሊመለሱ ዞሩ።

«መብራት ላነብ አይደለም እማማ። እርስዎን ላጫውት ነው የመጣሁት።»

«እኔን? ሥራ የለዎትም?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ሚስትስ?»

«አለች።»

«ተጣላችሁ?»

አለመጣላታችንን እስካስረዳቸው ድረስ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ግን አስገብተው መደቡ ላይ አስቀመጡኝና ሥራቸውን ጀመሩ። መጀመሪያ የባቄላ ቆሎ መጣ። ቀጥሎ ጠላ። ቀጥሎ ዳቦ። ሽሮውን ሲያቀርቡ ጠግቤያለሁ ብል «እኔ ልሙት!» አሉ፤ አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት እኔ ልሙት ሲሉ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም፣ በላሁ። ጣሳውን አንስቼ ላጥብ ስል ከእጄ ነጠቁኝ። «እንግዳ ዕቃ ታሳጥባለች ልባል? ይቀመጡ!» ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን አላልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ሲስተር ዘይነብ በተራ ጠየቀችን። «ጋሽ ሙሉቀን፣ ምን አገዟቸው?»

«በላሁ።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቆይቶ ሲጣራ ግን ሁላችንም ያው ነን። መምህር ታረቀኝ የሚባል ጡረተኛ ጓደኛችን አንድ አዛውንት እንዲጠብቅ ተልኮ፣ ጠላ በጠላ ላይ ሲጨምሩለት እንቅልፍ ጣለው። ዘይነብ ለቁጥጥር ስትሄድ መምህር ታረቀኝ የአዛውንቱ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ አዛውንቱ ጋቢያቸውን አልብሰውት አጠገቡ ቁጭ ብለው ዝንብ እሽ ይላሉ። «ዝም በይ፣ ደክሞታል» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት ተከለከለ። ዘይነብ ይህን ስትል ከወሎ እንደመጣች ረስታ ነው እንጂ እዚያም ቢሆን መች እሺ ይሏታል። እኔ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ።

«ዛሬ አልበላም፣ ጾም ነኝ» አልኩ እማማ ጥሩወርቅ ዘንድ እንደገባሁ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«የግል ጾም ነው።»

«ማን አዘዘዎት?»

«የንስሐ አባቴ።»

«ማን ይባላሉ?»

«ቄስ ሞላ» አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! የእሳቸውም የንስሐ አባት ናቸው። «እንኳን ነገሩኝ፣ ዶሮው እስኪበስል ደውዬ አስፈቅድልዎታለሁ» ብለው ስልካቸውን ከመቀነታቸው ሲፈቱ፣ ተሸነፍኩና በላሁ።

እስቃለሁ እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች በር ላይ ይዘውኝ «እርስዎ የሚመጡ ቀን ከዋዜማው ጀምሮ ሽር ጉድ ሲሉ ነው የሚውሉት፤ በማግስቱ ደግሞ ከአልጋ አይነሱም» አሉኝ። ሰማሁ፤ ግን ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ብቀር ይቀየማሉ፣ ብመጣ ይደክማሉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ ጥሩወርቅ መሬት ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተዋል። በርጩማው አጠገባቸው ተገልብጧል። የማር ማሰሮ እቅፋቸው ውስጥ አለ።

«ማሩ አልፈሰሰም» አሉኝ።

ለእኔ ሊያወርዱ ነበር ቆጡ ላይ የተንጠራሩት። ከወይዘሮ አስናቀች ጋር ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ወለምታ ነው፣ አልተሰበረም ተባለ፤ እጃቸው በፋሻ ተጠቀለለ። ደውዬላት የመጣችው ዘይነብ ወደ ውጭ ጠራችኝና «ጋሼ፣ ሸክም ያቅልሉ ብዬ ልኬዎት ሸክም ሆኑባቸው እኮ» አለች።

ወይዘሮ አስናቀች ለእማማ ጥሩወርቅ ልጅ ደወሉ። ደሳለኝም ቅዳሜ በመኪና መጥቶ እናቱን ጠቅልሎ እንደሚወስድ ተናገረ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ።

እማማ ጥሩወርቅ ወሬውን ሲሰሙ መደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ልጄ ደግ ነው። እዚያ ብሄድ እሞታለሁ አልልም፤ ያበላኛል፣ ያለብሰኛል። ግን እንግዳ ሆኜ ነው የምኖረው። ተቀመጪ፣ አትንኪ፣ እኛ እንሠራዋለን እየተባልኩ። እኔ በሰው ቤት ተቀምጦ መዋል አላውቅበትም።»

እኔ ደግሞ ሳዝን የማውቀው መጮህ ነው። «ታዲያ እኔንስ እስከ ዛሬ ምን ሲያደርጉኝ ከረሙ? ይቀመጡ፣ አይንኩ እያሉ አይደለም እንዴ? እንግዳ ባልሆን ኖሮ ማሩን እኔ አወርደው ነበር! እጅዎም ደህና ነበር!»

ትክ ብለው አዩኝ። «ዘመዴ አይደሉ። እንግዳ ካልሆኑ ታዲያ ምን ይሆናሉ?»

«እኔ እንጃ! የፈለጉትን ያድርጉኝ!»

«እንግዲያውስ የጡት ልጅ ይሁኑኝ» አሉ። «ማሩም ወርዷል።»

ለወጣት አንባቢ ልንገር፤ የጡት ልጅነት የአገራችን ወግ ነው። ምስክር ባለበት እናት የምትሆነው አውራ ጣቷን ማር ትቀባለች፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው፣ ቀልድ የለውም። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ ጡረተኛ አይደለም።

ሐሙስ ቀን ተሰበሰብን። ቄስ ሞላ መጡ፣ ወይዘሮ አስናቀች መጡ፣ ዘይነብም በሥራ ሰዓቷ ሹልክ ብላ መጣች። ቄስ ሞላ እንዳዩኝ «ያ ያዘዝኩህ ጾም እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ዘይነብ «እጃቸው በሳሙና ይታጠብ» አለች፤ ታጠበ። ነጭ ሪዜን በእጄ ገለል አድርጌ ጎንበስ አልኩና የእማማ ጥሩወርቅን አውራ ጣት ጠባሁ። ልስቅ ነበር ያሰብኩት፤ ዕንባዬ መጣ። የወለደችኝ እናቴ የሞተች ቀን አምበር ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶብኝ መለዋወጫ ስጠብቅ ነበርኩ፤ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ እማዬ ያልኩት ሰው የለም።

እማማ ጥሩወርቅ ሪዜ ላይ የቀረውን ማር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «በል አሁን ተነስና ጣሳዎቹን እጠብ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ እማዬ ነው የምላት፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ እርስዎ ካልኳት ትሰድበኛለች። በመጀመሪያው ቀን ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ «እማዬ፣ ውሃ ይጠጡ» ብላት ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየችና «ማነው የሚጠጣው? ሰው መጥቷል?» አለች።

ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ስነግራት ራሷን ያዘች። «አማቴን ቀብሬ ዐርፌ ነበር እኮ!»

ዐርብን ሙሉ ሠራሁ። ቆጡ ላይ የነበረውን ዕቃ ሁሉ አውርጄ፣ ወገብ በሚደርስ ቁመት መደርደሪያ መታሁ። ከጓሮ በሩ እስከ መጸዳጃው የባሕር ዛፍ መደገፊያ ተከልኩ። የከዘራዋ ጫፍ እንዳያንሸራትት ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ አለበስኩት። እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። «እሱ ጠሟል። አይደለም፣ በስተግራ። አውቶቡስስ እንዲህ ነበር የምትነዳው?» ምሳ ሰዓት ሲሆን «ድስቱ ውስጥ የትናንት ሽሮ አለ፣ አሙቀህ ብላ» አለች። በዚያ ቤት ከበላሁት ሁሉ የጣመኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ደሳለኝ መጣ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ የደከመው ጎልማሳ ነው። እኔን በአሮጌ ሸሚዝ ከጓዳ ስወጣ ሲያየኝ ደነገጠ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ታላቅ ወንድምህ ነኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቱን ፎቶግራፍ አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶግራፉን አየ። «አባቴ…?»

«ኧረ አባትህን ተዋቸው!» አልኩ። እማዬ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ነገሩን ስታስረዳው እሱም ትንሽ ፈገግ አለ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

«እማዬ፣ ዕቃሽን እንሰብስብ። ስልክ ሳታነሺ በቀረሽ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ደጋግሜ ስደውል ነው የምውለው። ወድቀሽ ማንም ባያይሽስ? እሱን እያሰብኩ እንዴት ልኑር?» አለ። አዘንኩለት። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ መጣላት ይቀለኝ ነበር። መደርደሪያውን አሳየሁት፣ መደገፊያውን አሳየሁት፣ በየስንት ቀኑ እንደምመጣ ነገርኩት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ግን…» ይላል፤ ከ«ግን» አላልፍ አለ።

በመሃል እማዬ ከዘራዋን ያዘችና ብድግ አለች። «ልጄ ርቦታል።»

ደሳለኝ ተከተላት። «እማዬ፣ በፈጠረሽ ተቀመጪ! በዚያ እጅሽ!»

«ዝም በል አንተ፣ ከመንገድ የመጣ ሰው ሳይበላ ምን ወሬ አለ?» አለችው። ዞር ብላም አላየችው። በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ድስት ልታነሳ ነው። እሱ ክንዷን ይዞ ይለምናል፣ እሷ ትገፋዋለች።

እኔ ከተቀመጥኩበት «እማዬ፣ ተቀመጪ። እኔ እጥደዋለሁ» አልኩ።

«እህ፣ ጨው እንዳታበዛበት» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ደሳለኝ እንደቆመ ቀረ። ድስቱን ጥጄ ስመለስ አሁንም እዚያው ቆሟል።

«ለእኔ ትነሳለች፣ ለእርስዎ ትቀመጣለች» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለእንግዳ ነው የምትነሳው» አልኩት። ጠንከር ያለ ቃል ነው፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። እማዬ አንገቷን ደፋች እንጂ አይደለም አላለችም። በዓመት አንዴ የሚመጣ ልጅ ምን ሊሆን ይችላል?

ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። «ሽንኩርቱ የት ነው ያለው?» አለ።

«ምን? አንተማ አትከትፍም፣ ከመንገድ መጥተህ…»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ማር ሳልልስ ነው ልጅሽ የሆንኩት» አላት። ሽንኩርቱን ሲከትፍ አየችው፤ መታገሥ ግን አልቻለችም። «ምነው እንዲህ አገዘፍከው? ሚስትህ እንዲህ ነው የምትበላው?» አለች። እማዬ ተቀምጣ ሌላው እንዲሠራላት እኔና ዘይነብ ስንት ወር የለፋንበት ነገር ያን ጊዜ ነው የተፈጸመው። ወጡም ጨው በዝቶበት ነበር፤ የእኔ ጥፋት ነው፣ ተሰደብኩ።

እሁድ ደሳለኝ፣ ስልክ ሳታነሳ ብትቀር ሮጬ እንዳያት አደራ ብሎኝ፣ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እማዬ አሁንም ቤቷ ናት። እሱም ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣ ጓሮውን ይቆፍራል፣ ጣሪያውን ያያል፣ እንደ እኔው ይሰደባል። የታላቅነቴን አከብራለሁና ከባድ ከባዱን ለእሱ እተውለታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ተልኬአለሁ። በየቤቱ ማር አልላስኩም፤ ባለቤቴ አንድ አማት ትበቃኛለች ብላለች። ወደዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት ቆሞ እናንተ ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ ሥራውን ገና አልጀመራችሁትም። ሥራው የሚጀመረው ሲያዟችሁ ነው።