ገዳዩ ያልተነገረበት መጽሐፍ

አምባ ጊዮርጊስ ኬላ ላይ ፈታሾች ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ልብስ፣ ሻሽና አንድ መጽሐፍ ነበር። ልብሱን ዞር ብለውም አላዩት።

መርማሪው መጽሐፉን እያገላበጠ፣ «ከምዕራፍ አንድ ቀጥሎ ዘጠኝ? ይሄማ የሚስጥር መልእክት ነው» አለ። ከስፓንኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ ነው፣ ደራሲው ሆን ብሎ ነው ያዘበራረቀው አልኩት። አላመነኝም። ብዙም አልፈረድኩበትም፤ እኔም መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር።

«ማን ሰጠሽ?»

ያዋሰኝ ጎንደር የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ስሙን ብጠራ እሱንም ያመጡታል። 

«አስቢበት። ከሰዓት እጠራሻለሁ።»

የሴቶቹ ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ልጃቸው ስለሸፈተ በእሱ ፈንታ የታሰሩ አንዲት የድብ ባሕር እናት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። በመጽሐፍ ነው የታሰርኩት ስላቸው፣ «በይ ምን ይላል?» አሉኝ።

አወራሁላቸው። መንደር ውስጥ ሰው ይገደላል። በየምዕራፉ አንድ ጎረቤት ያየውን ይናገራል። መርማሪ የለም።

«አውጫጭኝ ነዋ!» አሉ። «እኛም አገር ወንጀል ሲሠራ ሰዉ ሁሉ ዛፍ ስር ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ያየውን ያወጣል። ገዳዩስ?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«ምነው? ይህን ሁሉ ሰው አስቀምጦ?»

«ሚስቱ ናት» አለች በሩ ስር የተጋደመች ሻይ ሻጭ። «ባል ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።»

ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ፍርሃቴ ተመለሰ።

«እማ፣ የሰጠኝን ሰው ብናገርስ?»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ምን ጠፋ?»

«ምንም።»

«የሞተ ሳይኖር፣ የጠፋ ሳይኖር አውጫጭኝ አይቀመጡም፣ ልጄ።»

ከሰዓት መርማሪው ያንኑ ጠየቀኝ።

«ማን ሞተ? ምን ተሰረቀ?» አልኩት። «እሱን ይንገሩኝና እኔም ያየሁትን እናገራለሁ።»

የመለሰልኝ በእጁ ነው።

ስመለስ እኚያ እናት የነጠላቸውን ጫፍ በውሃ አርሰው ጉንጬ ላይ አደረጉልኝ። ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። «የሚቀጥለውን ጎረቤት ቃል አሰሚን» አሉ። ምስክር ቆሞ ነው የሚናገር። ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁና ቆሜ ተናገርኩ።

ከተፈታሁ ቆይቷል። መጽሐፉ እዚያው ቀረ። በምን እንደታሰርኩ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። በቀደም ጎንደር ፒያሳ አገኘኝና፣ «መጽሐፌስ?» አለኝ።

«ጠፋብኝ።»

«ለሰው ዕቃ ግድ የለሽም! ሁለተኛ አላውስሽም።»

አኩርፎ ሄደ። ልጠራው ነበር፤ ተውኩት። ያኩርፍ። ብቻ አኩርፎም ቢሆን ቤቱ ይግባ።