የጭምቱ ስህተት ያለበት ካሴት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ የሚያውቃት በእጇ ሙያ ብቻ አይደለም፤ በምላሷም ነው። ከስፌት መኪናዋ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ክር አይቀመጥም፤ የካሴት ቦታ ነው። ወጣት ሳለች የመድረክ ልብሱን ትሰፋለት የነበረው ባንድ በየአዳራሹ ሲጫወት፣ ቴፕ ሪከርደሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ራሷ የቀዳቻቸው ናቸው። በአንዱማ ላይ "አንተ፣ ዝም በልና ስማ!" ብላ አጠገቧ ያለውን ሰው ስትቆጣ ይሰማል።

ያ ባንድ አንድ ዜማ ከያዘ መልቀቂያውን አያውቅም ነበር። ሰው "ምሳ በልተህ ብትመለስ እዚያው ዘፈን ላይ ናቸው" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሷ የምትወድላቸው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስቱዲዮ ገብተው ያስቀረጹትን "ታጥቦ የተተኮሰ" እያለች ትንቀዋለች። በአንዱ ካሴት ላይ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው፣ ድራመሩ የያዘውን ምት ትቶ ከዝናቡ ጋር ይገጥማል። እዚያ ጋ ስትደርስ መኪናዋን ታቆማለች። ደንበኛ ቢኖርም ይጠብቃታል።

ከሁሉም የምትሳሳለት ግን ባንዱ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሲጫወት የቀዳችው ነው። ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው ታናሽ ወንድሟ፣ ጭምቱ ነበር የሚሉት፣ መሀል ላይ ተሳስቶ የሌላ ዘፈን መግቢያ ጀመረ። የቀሩት ለአፍታ ግራ ገባቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ሁለቱ ዘፈኖች ተጋብተው ማንም ያልደረሰው ሦስተኛ ዜማ ወጣ። አዳራሹ ብድግ አለ። በኋላ ግን የባንዱ አባላት ነገር በከፋቸው ቁጥር ያንን ስህተት እያነሱ ይተርቡት ጀመር። ጭምቱ ጊታሩን ሰቀለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ለእህቱ ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ባለፈው እሁድ የባንዱ መሪ የነበረው ጊታሪስት በሯን አንኳኳ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። የድሮ ኮንሰርቶቻቸውን በሲዲ ሊያሳትም ነው፤ የሲኒማ ቤቱን ቅጂ የያዘችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

"እንዳለ የምታወጣው ከሆነ ውሰድ" አለችው።

"እንዳለማ አይሆንም፣ እህቴ። ጭምቱ የሳተበት ቦታ ይቆረጣል። ለእሱም ክብር ነው።"

"እማዬ፣ ስጪው በቃ!" አለች የልብስ ቁልፍ ስትተክል የነበረችው ልጇ። "የአጎቴ ስም ሊወጣ ነው እኮ። እዚህ መደርደሪያ ላይ ማን ይሰማዋል?"

ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እምቢ ካለች ወንድሟ ከዚህች ክፍል አይወጣም። ቢሆንም ሆዷ እሺ አላላትም።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ" አለችው። "የሚቆረጠውን አንተ አታሳየኝም። ቁጭ በልና ስማ።"

ካሴቱን ከተተች። ቤዙ ሳተ፤ ጊታሪስቱ ፊቱን አጨማደደ። ወዲያው ከማይክሮፎኑ ራቅ ብሎ፣ በደስታ ያበደ የጎረምሳ ጩኸት ተሰማ።

"የያዛችሁትን ልቀቁት! ተከተሉት! ጭምቱን ተከተሉት!"

የጊታሪስቱ የራሱ ድምፅ ነበር። ከዚያ የተከተለው ጊታርም የራሱ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ተጫውቶ አያውቅም። የሰውየው ጣቶች ጉልበቱ ላይ ዜማውን ይነካኩ ጀመር። ልጅቷ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች።

ሲያልቅ ጣቶቹን ሰበሰበ።

"ያኔ ልጅ ነበርኩ" አለ። "ዛሬ የሚሰማ ሰው ስህተቱን ነው የሚያየው። ይቆረጥ።"

ሰፊዋ ካሴቱን አውጥታ እጇ ውስጥ ጨበጠችው።

"እንግዲያው የምሰጠው 'ተከተሉት' ላለው ለዚያ ልጅ ነው" አለችው። "ካገኘኸው ላክልኝ።"

ልጇ መርፌዋን አስቀምጣ ተነሳችና በሩን ከፈተችለት።