የካፒቴኑ አማርኛ

እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ይሄን በይፋ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሀና ማርያም አካባቢ በነበረ ቪዲዮ ቤት ግን ለዓመታት ማይክ ይዤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እየቆምኩ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ ስተረጉም ኖሬያለሁ። የተዋናዩን ፊት አያለሁ፣ አፉን አያለሁ፣ የቀረውን ከራሴ እጨምራለሁ። ሰው ደግሞ ያጨበጭብልኛል!

ከሁሉም የሚወደደው ስለ ጠፈር መርከብ የሚያወራው ተከታታይ ፊልም ነበር። ካፒቴኑን የፉሪ ገበሬ ልጅ አደረግኩት፤ መርከቧ ስትበላሽበት «ወይኔ ጉዴ!» ይላል። ልጄ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታዳምጠኝ ነበር። አባቷ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የሚጠጣ ይመስላት ነበር፤ እኔም አላስተባበልኩም።

አሁን እሷ ራሷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ካሴቶቹ ስለጠፉ እንግሊዝኛ ካወቀች በኋላ ደግማ አላየቻቸውም ብዬ እጽናና ነበር። ዘንድሮ ያንን ተከታታይ በአዳዲስ ተዋናዮች ከመጀመሪያው እንደገና ሠሩት አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ «አባዬ ተነስ፣ ሲኒማ ልንገባ ነው» ስትለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። «አበላሽተውታል፣ ምን ያደርግልናል?» ብዬ ተሟገትኩ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለፊልሙ አልነበረም። ንግግሩን በገዛ ጆሮዋ ስትሰማ የአባቷ ውሸት ሁሉ ሊወጣ ነው። ቢሆንም ተነስቼ ተከተልኳት።

ፊልሙ ግን ጉድ ነው! እንዲህ ይሆናል ብዬ በጭራሽ አልጠበቅኩም። የድሮው ካፒቴን ጀግና ብቻ ነበር፤ ይሄኛው ይፈራል፣ ይሳሳታል፣ የበታቾቹን ይቅርታ ይጠይቃል። ጭንቀቴን ረስቼ «በለው!» ብዬ ስጮህ ከኋላዬ ያሉት ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከዚያ ካፒቴኑ ብቻውን ቀረና ሬዲዮውን ከፈተ። ከመሬት የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። ይሄ ትዕይንት የድሮውም ላይ ነበር፤ ገና ስሰማው ላብ አጠመቀኝ። ልጄ እናቷ ካረፈች በኋላ ይህንኑ ክፍል እቤት ለዓመታት ደጋግማ ታስከፍተኝ ነበር። እኔም ሴትየዋን የካፒቴኑ እናት አድርጌ «ልጄ፣ እሰማሃለሁ። ምግብህን ጨርስ፣ አታልቅስ፣ አለሁልህ» እያልኩ እተረጉም ነበር።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ ሴትየዋ ቁጥር ብቻ እኮ ነው የምትጠራው። የድሮዋም ቁጥር ነበር የምትጠራው። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው የገባኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት።

«ማወቄን ከነገርኩህ መተርጎም ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። «እማዬን የምሰማት እዚያ ብቻ ነበር።»