የሻለቃው ካፖርት

ዛሬ ጠዋት ልጄ የምትኖርበት ሕንፃ ስደርስ ዘበኛው፣ እዚህ ፖርቲዬሬ የሚሉት፣ የበሩን የናስ ደወሎች በጨርቅ እያሸ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የናስ ማጽጃ ሽታ ኮምጣጤም ላምባም ይመስላል፤ አንዴ የለመደው ሰው አይረሳውም። የልጅ ልጄ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወርድ አየችኝና «ኖና፣ አሞሽ ነው?» አለች። እኔ እንኳ አላመመኝም፤ በሐሳቤ የሌላ ሰው ወጥ ቤት ገብቼ ነው። ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ብዬ «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነኝ፣ ሂጂ» አልኳት። ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን ለእናንተ ላውራ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ደርግም አራት ዓመቱን እየደፈነ ነበር። ፊደል የሚባል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምጭርበትንም የለየሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሮም የገባሁት በቤት ሠራተኝነት ነበር። ቤቱ ፒራሚዴ በሚባለው ሰፈር፣ ከአሮጌው የከተማ ቅጥር አጠገብ ነው። የቤቱ ባለቤቶች ሁለት ሽማግሎች ነበሩ። ሲኞራዋ እዚያው ሮም ተወልደው ያደጉ፣ ባላቸው ደግሞ እንግሊዛዊ፣ ጡረታ የወጡ ሻለቃ። ሻለቃው በትልቁ ጦርነት ጊዜ እየተዋጉ እስከ ሮም መጥተው፣ ጓደኞቻቸውን ቅጥሩ ሥር ባለው የእንግሊዝ ወታደሮች መቃብር አስቀብረው፣ በዚያው ቀሩ።

«እነሱን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ?» ይሉ ነበር።

እሑድ እሑድ አበባ አስይዘውኝ እከተላቸዋለሁ። ሣሩ ፀጉር አስተካካይ የከረከመው ይመስላል። ለእያንዳንዱ ሟች የራሱ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ የራሱ ስም። እኔ ያንን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ አበባው እመልሳለሁ። ምክንያቱን ኋላ ትሰማላችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው አምስት ሜዳዮቻቸውን በአሮጌ ካልሲ ያሻሉ። ያ ሽታ እንግዲህ የዚያ ነው። የእሳቸው ጣልያንኛ የተሰባበረ ነው፣ የእኔም እንደዚያው፤ ስለዚህ ከማንም በላይ እንግባባ ነበር። ከጎናቸው ሬዲዮኑ ከለንደን ያወራል። ጥሩ ወሬ አውርቶ አያውቅም። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ባቡሩ ቆመ፣ ወሮበላ መንገዱን ያዘው፣ የድሮ ወታደሮች በክረምት ማሞቂያ አጡ። ሻለቃው ጠረጴዛውን በቡጢ ይደልቁና ሚኒስትሮቻቸውን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ይሰድባሉ። ያውም መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ! መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ክው አልኩ። ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ አልበቃኝም፣ መጋረጃውንም ጎተትኩት።

«ምነው፣ በረደሽ እንዴ?» አሉ ሲኞራዋ።

«ይሰማሉ እኮ፣ ሲኞራ።»

«ማን?»

«መንግሥት።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «መንግሥት ቢሰማውማ ይኼ ሰውዬ ይህን ያህል ባልጮኸ! ክፈቺው ባክሽ፣ በሽንኩርቱ ጭስ ልናልቅ ነው።»

ከፈትኩት። ግን ልቤ አላመነም። ስድቡ በተጀመረ ቁጥር እጄ ወደ መስኮቱ ይሄድ ነበር።

ኅዳር ላይ ሻለቃው ወደ አገራቸው ሄዱ። የድሮ ወታደሮች በየዓመቱ የወደቁትን የሚያስቡበት ቀን ነው። ከባዱን የወታደር ካፖርታቸውን ተኮስኩላቸው፤ ሜዳዮቹን ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ ቀጥ ብለው ወጡ። በሳምንቱ የተመለሱት ሌላ ሰው ነበሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የካፖርቱ እጅጌ ከትከሻው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

«ልጆች ናቸው» አሉ፣ ሾርባው ፊታቸው እየቀዘቀዘ። «ጢም እንኳ ያላወጡ። ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን። ‹ሽማግሌ፣ ቆርቆሮህን አምጣ› አሉኝ። በሆዴ ተኛሁባቸው፣ ሜዳዮቹ ላይ። ረገጡኝ። ሰዉ ጋዜጣውን እንደያዘ አለፈኝ።»

«ፖሊስስ?» አሉ ሲኞራዋ።

«ሻይ ሰጠኝ። ‹አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ቤትዎ ቢቀመጡ ይሻላል› አለኝ።»

እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እንግሊዝ አገር? ንጉሣችን በክፉ ቀን የተጠጉባት አገር? ሽማግሌ በቀን የሚረገጥ እኛ ዘንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሮምም ቢሆን በዚያ ዓመት ተኩስ አያጣትም፤ አትክልት የምትሸጥልን ሴትዮ ቲማቲም እየመዘነች «አሎራ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ገደሉ?» ትለኝ ነበር፣ የአየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው። ግን እንግሊዝን እንዲህ አልጠበቅኋትም።

እጅጌውን ሰፋሁላቸው። ስፌቱን አልደበቅሁትም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ሆነ።

የፈረንጁ ክረምት መሐል ላይ ሬዲዮኑ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሻለቃው ካልሲውን ጣሉት። «አንድ ከተማ ውስጥ መቃብር ቆፋሪዎች ሥራ አቁመዋል» ብለው ተረጎሙልን። «ሬሳው ሳይቀበር ተደርድሯል። መንግሥት ደግሞ ይነጋገራል!» ሳጥበው የነበረው ሳህን ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። እሳቸው አላዩኝም። ወረቀት ፍለጋ ተነሥተው ነበር።

ሦስት ቀን ጻፉ። ከዚያ አምስቱን ሜዳዮች በጨርቅ ጠቅልለው ከደብዳቤው ጋር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ፣ በገመድ አሰሩት፣ እኔን ጠሩ።

«ፖስታ ቤት ውሰጂው። ራኮማንዳታ በይው፣ በፊርማ የሚሄድ።»

«ምን ብለው ጻፉ፣ ሲኞሬ?»

«ሙታኑን የማይቀብር፣ ሽማግሌውን የማይጠብቅ መንግሥት የሰጠኝን ሜዳይ አልፈልግም አልኩ። ደደቦች ናችሁ አልኩ። ስሜን፣ ማዕረጌን፣ አድራሻዬን ጻፍኩ። መልስ እጠብቃለሁ።»

ስሜን፣ ማዕረጌን፣ አድራሻዬን። ቆርቆሮው እጄ ላይ ድንጋይ ሆነ።

ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሰልፍ ያዝኩ። የእርጥብ ካፖርትና የሙጫ ሽታ አለው። ወረፋው እየቀረበ ሲመጣ እኔ የማየው አባቴን ነው። አባቴ ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ አሥር አለቃ ነበር። በሽብሩ ጊዜ የተረሸኑ ልጆች ሬሳ በሰፈራችን መንገድ ላይ ተጥሎ ይውላል፤ እናት ማንሳት አትችልም፣ ማልቀስም ክልክል ነው። አባቴና አምስት ጡረተኛ ወታደሮች ማመልከቻ ጻፉ። ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦልናል፤ ቃሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። «እኛ በጦር ሜዳ የጠላትን ሬሳ እንኳ ቀብረናል። የልጆቻችን ሬሳ ከመንገድ ይነሳልን።» ሥሩ ላይ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ፈረሙ። ታጣቂዎቹ ሲመጡ ያንኑ ወረቀት ይዘው ነው የመጡት። በተራ፣ ስም እየጠሩ። አባቴ አራተኛ ነበር። ዩኒፎርሙንና ሜዳዩንም ከግድግዳ አውርደው አብረው ወሰዱት።

ተራዬ ደርሶ የመስኮቱ ሰውዬ «አቫንቲ!» ሲለኝ ቆርቆሮውን ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ። ሻለቃውን አሳልፌ አልሰጥም አልኩ።

ከአገር ይዤው የመጣሁት ሻንጣ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ሪቼቩታውን፣ ደረሰኙን፣ ሲጠይቁኝ ባለፈው ወር ለእናቴ ሹራብ የላክሁበትን ሰጠኋቸው። ለእኔ ወረቀት ሁሉ አንድ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ይበቃል። አመኑኝ። ሳያዩት መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ መጠበቅ ተጀመረ። በየጠዋቱ አራት ፎቅ ወርደው የፖስታ ሣጥኑን ይከፍታሉ። ሲወጡ የእግራቸው ድምፅ ይከብዳል። ቅዳሜ የሚያሹት ነገር የለም፤ ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን አጋድመው ይቀመጣሉ። ሬዲዮኑን መስደብ ተዉ። መስኮቱን ለመዝጋት የሚያስቸኩለኝ ነገር ጠፋ። «ሠላሳ ዓመት ሙታኖቻቸውን ጠብቄላቸው፣ አንዲት መስመር ነፈጉኝ» አሉ አንድ ቀን ለሲኞራዋ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ። አድኛቸዋለሁ ብዬ የማደርቃቸው እኔው ነበርኩ።

በሁለተኛው ወር ፖስታ ቤቱን ሊከሱ ደረሰኙን አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ነይ እስቲ» አሉኝ። «እዚህ ላይ አዲስ አበባ ይላል። ሜዳዮቼ አዲስ አበባ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

ሻንጣዬን ጎትቼ አመጣሁና ቆርቆሮውን ፊታቸው አኖርኩት፤ ገመዱ እንደታሰረ።

«አንቺም?» አሉ በቀስታ። «አንቺም አልሰማሽኝም?»

«ስምዎን ጻፉ እኮ፣ ሲኞሬ! ይመጣሉ! በተራ እየጠሩ ይወስዳሉ!» አልኩና የአባቴን ነገር እንደመጣልኝ ዘረገፍኩት፤ ግማሹን በጣልያንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ለማንም ሳልናገር የኖርኩትን። ሻለቃው ደረሰኙን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«እነ አባትሽ ምን ነበር የጠየቁት?» አሉ በመጨረሻ።

«ሬሳ ይነሳ ብለው።»

«ይኼንኑ ብቻ?»

«ይኼንኑ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አባትሽ የት ተቀበረ?»

«አናውቅም። እርማችንንም አላወጣን።» እርም ማውጣት ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱና መሣሪያው፣ ሽልማቱም ካለው፣ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። ካልተለቀሰለት ለቤተሰቡ የሞተም ያለም አይደለም። የአባቴን ግን አንዲት ነገር አላስቀሩልንም። ደግሞ ማን ደፍሮ ያለቅሳል?

ሻለቃው ተነሥተው ወጡ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ካፖርታቸውን ይዘው ተመለሱ። ወንበሩን አለበሱት፣ የሰፋሁትን እጅጌ አስተካከሉ። ቆርቆሮውን ፈቱና አምስቱን ሜዳዮች ደረቱ ላይ አንድ በአንድ ሰኩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሊዘጉልኝ ነው ብዬ ነበር። ወለል አድርገው ከፈቱት።

«እዚህ ማልቀስ ክልክል አይደለም» አሉ።

ካፖርቱ ፊት ቆምኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ አባቴን በማዕረጉ እየጠራሁ፣ ያ ሁሉ ጊዜ የታፈነው ወጣ። ርግቦቹ ከጣራው ተነሡ። ከማዶ መስኮት ተከፈተና አንዲት ሴትዮ «ምንድነው? ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

ሲኞራዋ አንገታቸውን አውጥተው «አባቷ!» አሉ። «አባቷ ሞቶባት ነው!»

ይህን ቃል ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ።

በማግሥቱ ሻለቃው ደብዳቤውን ብቻ ይዘው ራሳቸው ፖስታ ቤት ሄዱ፤ እኔ ዙሪያዬን እየቃኘሁ ተከተልኳቸው። ሜዳዮቹ ቀሩ። «አሁን ሥራ ይዘዋል» አሉ። መልሱ በወሩ መጣ፣ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ሁለት መስመር። አንብበው ረጅም ሳቅ ሳቁ።

«ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን ይላል። አየሽ ልጄ፣ የእኔዎቹ አይገድሉም። አያነቡም እንጂ።»

«ይሻላል፣ ሲኞሬ።»

ሳቃቸው ቆመ። ወረቀቱን አጥፈው «ይሻላል?» አሉ፤ መሳቢያ ውስጥ ከተውትም «ይሻላል፣ ግድ የለም» አሉ። ቅዳሜ ካልሲውን አነሡ።

ከአራት ዓመት በኋላ በሳንባ ምች አረፉ። ቅጥሩ ሥር፣ ከጓደኞቻቸው ጋር አልተቀበሩም፤ ቦታው በጦርነቱ ለሞቱት ብቻ ነው ተባለ። እኔ ያኔ አግብቼ ወጥቻለሁ። ሰምቼ ስሮጥ አራተኛ ፎቅ ሳልደርስ ገና ደረጃው ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ሲኞራዋ ወጥ ቤት ነበሩ፤ ጣቶቻቸው በማጽጃው ጠቁረዋል። ወንበሩ ካፖርቱን ለብሷል፤ አምስቱም በየቦታቸው ያበራሉ።

«በደንብ ሰክቼዋለሁ?» አሉኝ። «እኔ እንደናንተ አላውቅበትም። አልቅሺለት፣ እንደ አባትሽ አድርገሽ።»

ከዚያ ጥቁር መሐረባቸውን እያስተካከሉ ሄደው መስኮቱን ከፈቱ።