ቁጥር የተጻፈበት ግንብ

ልጅ እያለሁ ሰፈራችንን ከሌባም ከውሻም ይልቅ የሚያስፈራው በነጻ የመጣ ነገር ነበር። ለሌባ በር ይዘጋል፤ ለውሻ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣት ይበቃል። በነጻ ለመጣ ነገር ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በነገሩ ሁሉ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዱ ነበር። «ያልጠረጠረ» ሲሉ እኛ ልጆቹ ከኋላ «ተመነጠረ» ብለን እንጨርስላቸዋለን። ይቆጡና መልሰው ይስቃሉ።

ሰፈራችን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከትልልቆቹ ፎቆች ጀርባ ነበር። በአንድ በኩል ባንኩ፣ ካፌው፣ ባለመስታወቱ ሕንጻና ከፊቱ የተነጠፈው ሰፊ ሜዳ፤ በሌላ በኩል እኛ፣ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች። የሚለየን አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነበር። አስተማሪ ነኝና ነገርን በቅደም ተከተል ካላስረዳሁ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ግንቡ ለብዙዎቻችን አጥር ብቻ ነበር። ለመጨረሻዋ ቤት ግን የጀርባ ግድግዳዋ እሱ ራሱ ነው። ግንቡ ከተነካ ያቺ ቤት ትከፈታለች። በዚያች ቤት የሚኖሩት እማማ ጫልቱ ነበሩ።

እማማ ጫልቱ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ናቸው። የባንኩ መኪና ማቆሚያ አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት የነበረ መሬት ነው። ይህን ሲናገሩ አድራሻ እንደሚነግር ሰው እንጂ እንደሚያዝን ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተነሥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ትንሽ ወደ ጎን ተገፍተው ሰፍረዋል። እንዴት እንደሚሆን ስጠይቃቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። «መጀመሪያ ገመድ ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ደብዳቤ ነው።»

ያን ክረምት እንደ ሌላው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከሰል ላይ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት መንገዱን ሁሉ አውዶት ነበር። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከግንቡ ማዶ የተነጠፈው ሜዳ ላይ ወጥተን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፤ በእኛ በር ያለው መሬት ጭቃ ስለሆነ ጠመኔ አይዝም። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ወጣቶች መሰላል፣ ሜትርና ገመድ ይዘው መጡ። አንደኛዋ ሱሪዋ በቀለም የተዥጎረጎረ፣ ሳሮን የምትባል ልጅ ነበረች። ግንቡን ከእማማ ጫልቱ ጥግ ጀምረው በገመድ እየለኩ በጠመኔ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርገው ከፋፈሉት፤ በየአንዳንዱ ውስጥም ቁጥር ጻፉ። እኔ ሰኞ ማክሰኞ ግድግዳ ላይ የተሠራልን መስሎኝ ደስ አለኝ። እማማ ጫልቱ ግን ወጥተው አዩትና ተመልሰው ገቡ። ገመድ መጥቷል፣ ቁጥርም ተጽፏል፤ የቀረው ደብዳቤው ነው።

በማግስቱ እሱም መጣ፤ መብራት እንጨት ላይ ተለጥፎ። በሰፈሩ ፈጥና የምታነብ ልጅ እኔ ስለነበርኩ እናቴ እየገፋች አቆመችኝና ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለመስታወቱ ሕንጻ ፊት ለፊት የክረምት ኮንሰርት አለ፣ የግድግዳ ሥዕል ይኖራል፣ መግቢያ በነጻ፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል ይላል።

«መጨረሻውን ድገሚው እስኪ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ሁላችሁም ተጋብዛችኋል።»

«ሁላችሁም? ልጁም ሽማግሌውም?»

«እንደዚያ ነው የሚለው ጋሼ።»

«እንግዲያው ቤት ማን ይቀራል?»

እናቴ ነገሩን ለማቅለል «ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ ዘፈን ነው እኮ» አለች። «አንቺ» አሏት፣ «እነዚህ ፎቆች እስከ ዛሬ መቼ ዘፍነውልሽ ያውቃሉ?» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፦ ሰፈሩን በዘፈን አውጥተው፣ እኛ ስናጨበጭብ ግንቡን ሊያፈርሱት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰብስቦ ማንም ሰው ወደ ኮንሰርቱ እንዳይሄድ ወሰነ። እኔ ኮንሰርት የሚባል ነገር አይቼ ስለማላውቅ አለቀስኩ። ግን አመንኳቸው፤ አብሬያቸው ጠረጠርኩ።

በነጋታው እማማ ጫልቱ በበራቸው ብቅ ብለው «ኮቱ» አሉኝ፣ ነይ ማለታቸው ነው። አንድ ባልዲ ውኃና ጨርቅ ሰጡኝ። «ሰናይት፣ አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ። ከእኔ ቤት ላይ ያለውን ሁሉ አጥፊልኝ።» አጠፋሁት። ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት ቁጥሮች በቤታቸው ላይ ነበሩ፤ በሥርዓት፣ ከአንድ ጀምሬ፣ አንድ ሳላስቀር አጠብኳቸው። ሳሮን መጥታ «ይሄ ዝናብ አስቸገረን» እያለች እንደገና ጻፈች። ማክሰኞም አጠብኩ፤ ደግማ ጻፈች። ዝናቡ ስምንት ቁጥር ብቻ መርጦ ማጠቡ አላጠራጠራትም ብዬ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን ቀድማኝ መጥታ ጥጉ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

«አንቺ ነሽ እንዴ ዝናቧ?» አለችኝ።

ባልዲውን ከኋላዬ ደበቅኩ። አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ፤ ከዛፍ ላይ የሚነሡ ወፎች ተሥለውበታል፣ በላዩም በእርሳስ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሰምረው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ትንሽ ሥዕል ትልቅ ግድግዳ ላይ ሳይዛባ እንዲወጣ የሚደረገው እንዲህ ነው፦ በወረቀቱ ሦስት ቁጥር ውስጥ ያለው የወፍ ክንፍ በግድግዳውም ሦስት ቁጥር ውስጥ ይሣላል። ይህን በተረዳሁባት ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ ተማሪዎቼ ፊት ላይ አንዳንዴ አየዋለሁ። እየሮጥኩ ለእማማ ጫልቱ አስረዳሁ፤ መሬቱን በእንጨት ጭሬ፣ ወረቀቱን ሠርቼ፣ ቁጥሩን ጽፌ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጥሩ» አሉ። «ለሥዕል ከሆነ ለምን ከእኔ ቤት ጀመሩ?»

ሳሮንን ጠይቄ ተመለስኩ። «ቁጥር ከዳር ስለሚጀምር ነው አለች።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ዳር ያለ ሰው ነው።»

ሳሮን ይህን ስትሰማ እሺ፣ ቀለሙን ከወዲያኛው ጫፍ እንጀምራለን፣ የእርሳቸውን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን አለች። ይህንንም አደረስኩ። እማማ ጫልቱ ባልዲውን አነሡና «ለማንኛውም አንቺ እጠቢው» ብለው ሰጡኝ። አጠብኩት። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ያን ጊዜ ቁጥሩ ለምን እንደሆነ አውቄ ነበር። አውቄ ነው ያጠብኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ድምፅ ማጉያው መጮህ ሲጀምር እማማ ጫልቱ «ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከኋላዬ ማን እንደሚመጣ እንዴት አያለሁ?» ብለው ዱካቸውን ይዘው ወደ ግንቡ ማዶ ወጡና ጀርባቸውን ለግድግዳቸው ሰጥተው ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲያዩ ልክ ናቸው አሉ። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ወጡ፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሽማግሌው ጋቢውን ለብሶ፣ እናቶች ጥላቸውን ይዘው፣ በግንቡ ልክ ተደርድሮ ተቀመጠ። ዘብ መቆማችን ነው። መድረኩ ደግሞ ከእኛ ፊት ለፊት ነበር። እንዳይሄዱ የወሰኑበትን ኮንሰርት በእድር ወንበር ተቀምጠው ከፊት ረድፍ አዩት ማለት ነው። ይህን ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም።

ትዝ የሚለኝ የሳክስፎኑ ብልጭታ፣ እርጥብ ጋቢ ከቀለም ጋር የተደባለቀው ሽታ፣ ደረቴ ውስጥ የሚመታው ከበሮ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዝናቡ ወረደ። ከሃያ ሁለትና ከመገናኛ የመጣው ወጣት ሁሉ ወደ ካፌው በረንዳ ሲሮጥ ሜዳው ባዶ ሆነ። እኛ አልተነሣንም፤ እንዴት እንነሣለን? ዘፋኙ ከሸራው ሥር ሆኖ ዝናብ የማይበግረውን ሕዝብ አየና ለእኛ ብቻ ዘፈነ፤ ሁለት ጊዜም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣን። ጋሽ ደምሴ ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማየቴን ሲያውቁ «በርዶኝ ነው» አሉ።

ማንም መዶሻ ይዞ አልመጣም። ሳሮንና ጓደኛዋ ቀለሙን ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረው እስከ ሰኞ ሠሩ፤ ያጠብኳቸውን ቁጥሮች እንደገና ሳይጽፉ ቀኑ አለቀባቸውና መሰላላቸውን ይዘው ሄዱ። ወፎቹ ከግንቡ ጫፍ ተነሥተው እኛ ቤት ድረስ መጡ፣ እማማ ጫልቱ ጥግ ሲደርሱ ቆሙ። የእርሳቸው ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። አሸነፍን ተባለ። ጋሽ ደምሴ ለሰሚ ሁሉ እኛ ባንቀመጥ ኖሮ ግንቡ ያን ቀን ይፈርስ ነበር እያሉ ብዙ ዓመት ተናገሩ።

ደብዳቤው የመጣው ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያለ ገመድ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ዘፈን መጣ። ሰፈሩ ሲነሣ ሥዕል ያለበት ግንብ ያምራል ተብሎ ለአዲሱ ሕንጻ አጥርነት ቀረ። የእማማ ጫልቱ ጥግ ግን የመኪና መግቢያ ሆነ። ይህን ሳይ ያጠብኳቸው ስምንት ቁጥሮች አንድ በአንድ መጡብኝ።

ዛሬ የክረምት ኮንሰርት ሲኖር ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ ያሳዩኛል። ማን እንዳዘጋጀው፣ ለምን እንዳዘጋጀው ስጠይቃቸው ይስቁብኛል። «ቲቸር፣ ነጻ ነው እኮ፣ ምን ያስፈራል?» ይሉኛል። አያስፈራም። እነርሱ ሲሄዱ ከኋላቸው የሚተዉት ቤት የለም፤ የተከራዩት ክፍል ነው ያለው። ባለፈው ቅዳሜ ግን እዚያው ባለመስታወቱ ሕንጻ ፊት ወደተዘጋጀው እኔም ሄድኩ፤ አሁን ከሚኖሩበት፣ ከአያት ሰፈር ማዶ ካለው ኮንዶሚኒየም እማማ ጫልቱን ይዤ። ድሮ ቤታቸው ከነበረበት ትንሽ ፈንጠር ብለን ተቀመጥን፤ ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላወረዱም። ለዓመታት የያዝኩትን እዚያ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ያኔ ባላጥበው ኖሮ ሥዕሉ እርስዎም ጋ ይደርስ ነበር። ሥዕል ያለበትን አላፈረሱትም።»

መኪኖቹ የሚገቡበትን በር ረጅም ጊዜ አዩት። «ተዪ ልጄ። እነሱ የሚያዩት ወረቀት ነው እንጂ መች ግድግዳ ያያሉ? ቢሣልበትም ይፈርስ ነበር። ያኔ ደግሞ ለወፎቹም አለቅስ ነበር።»

እውነታቸውን ይሁን ለእኔ ብለው፣ እስካሁን እጠራጠራለሁ። ዘፈኑ ሳያልቅ፣ ታክሲ ሳይጠፋ እንሂድ አሉኝና ተነሣን። ያን ጊዜ ዝናቡ ሲያባራ ወንበራችንን ተሸክመን ቤታችን ለመግባት አሥር እርምጃ በቅቶን ነበር። አሁን መገናኛ ድረስ ሄደን፣ ረጅሙ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ እርሳቸው ክንዴን እንደያዙ ወረፋችንን ጠበቅን።