የሰናይት ስም ያለበት ኮሚት

ሥራ የጀመርኩት መካኒሳ አቦ፣ ከታች ሴራሚክ መሸጫና ጁስ ቤት ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ደረጃውን የወጣሁት በአባቴ ምርቃትና በአዲስ ጫማ ነበር። ጫማው ተረከዜን ልጦኝ ስለነበር ቢሮ የገባሁት እያነከስኩ ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ነቢል ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ «ተለማማጇ ሳትጀምር ተጎዳች!» ብሎ ጮኸ።

ስሜ ሀያት ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ። ገና አንድ ዓመት ያልሠራ ሰው የሥራ ትዝታ ይጽፋል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ይጽፋል። እስካረጅ ብጠብቅ ደስታው ይበርድብኛል። የምጽፈውም ከኔ ኋላ ለልምምድ ለሚወጡ ልጆች ስለሆነ ቶሎ ቢደርሳቸው ይሻላል።

ቢሯችን ትንሽ ናት። ጋሽ ታምራት ባለቤትም አለቃም ነው። ሰናይት ዋና ፕሮግራመር ናት። ከሷ ቀጥሎ ነቢል፣ ከነቢል ቀጥሎ እኔ። ከኔ በታች የነበረው ፕሪንተሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከኔ በላይ ይከበር ነበር።

«እርስዎ የት ልቀመጥ ይላሉ?» አልኳት ሰናይትን።

«እርስዎ ካልሽኝ ዛሬውኑ ነው የምሸኝሽ። ሰኒ በይኝ» አለችና ጥግ ላይ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር አሳየችኝ። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈትበት የሚያቃስት ማሽን ነው። «ይሄ ሥዕል አይችልም፤ ጽሑፍ ብቻ ስጪው፣ ይታዘዝሻል።»

ከዚያ ቲግ የምትባል ፕሮግራም ጫነችልኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። የምንጽፈው ኮድ በተለወጠ ቁጥር ለውጡን የሚመዘግበው ጊት የሚባል ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ኮሚት ይባላል። ኮሚት ቀን አለው፣ የሠራው ሰው ስም አለው፣ አጭር ርእስ አለው። ቲግ ደግሞ ያን ሁሉ ታሪክ ጥቁር ስክሪን ላይ በመስመር በመስመር ትደረድረዋለች። በማውዝ የሚነካ ነገር የላትም። ኪቦርዱ ላይ «ጄ»ን ስትጫን ወደ ታች፣ «ኬ»ን ስትጫን ወደ ላይ ትሄዳለህ፤ ኢንተር ስትጫን ኮሚቱ ይከፈታል፤ በ«ኪው» ትወጣለህ። ኮሚቱ ሲከፈት የተጨመረው መስመር በአረንጓዴ፣ የተሰረዘው በቀይ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው።

«ምን ልሥራ?» አልኳት።

«አንብቢ።»

«ምኑን?»

«የሰርቪሱን ፕሮግራም ታሪክ። ከመጀመሪያው ኮሚት ጀምሪ። ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የሰው ኮድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ነው የጠፋው።»

የሰርቪሱ ፕሮግራም የሰናይት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። አንድ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በየትኛው ሰርቪስ መኪና ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ የሚያዝበት ነው። ማታ መውጫ ላይ በሩ ጋ የሚቆሙት የሰርቪስ ኃላፊ የየመኪናውን ዝርዝር አትመው ልጆቹን በስም እየጠሩ ያስገባሉ። ሰናይት ብቻዋን ከባዶ ነው የጀመረችው።

እውነቴን ነው፣ አንብቢ ስባል ተናድጄ ነበር። እኔ አንድ ነገር ልሠራ ነው የመጣሁት! ግን ጣቴ ቁልፎቹን ሲለምድ ነገሩ ጣፈጠኝ። አንድ ፕሮግራም ከምንም ተነስቶ ሲያድግ ይታያል። መጀመሪያ የልጅ ስም ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ መውረጃ ቦታ፣ ከዚያ የእናት ስልክ። ሰው ሲሳሳት ይታያል፣ በማግስቱ ሲያርም ይታያል። ነቢል «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» የሚል ርእስ የሰጠው ኮሚት አለ፤ ከሱ በላይ ደግሞ «ይቅርታ፣ ይሄ ነው የመጨረሻው» የሚል አለ። ብቻዬን ስስቅ ጋሽ ታምራት ብቅ ብሎ፣ «ፊልም ነው እንዴ የምታይው?» አለኝ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። «መብራት» የሚል ርእስ ያላቸው ኮሚቶች በየቦታው ተበትነዋል።

«ሰኒ፣ መብራት የምትባል ሠራተኛ ነበረች?»

ነቢል በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። «አዎ! በጣም አስቸጋሪ ልጅ ናት። ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትሄዳለች!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ፣ የነቢልና የጋሽ ታምራት ማሽኖች ዴስክቶፕ ናቸው። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ጮኾ ትንሽ ይይዝና ጸጥ ይላል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ የሰናይት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የነቢል ማሽን መሃል ላይ ጠፍቶ ሥራውን ስለበላው፣ ከዚያ ወዲህ ዩፒኤስ በጮኸ ቁጥር ሁሉም የሚሠራውን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ወደ ሰናይት ላፕቶፕ መሮጥ የቢሮው ልማድ ሆነ። እሷ ሁሉንም ትከምርና አንድ ኮሚት ታደርገዋለች። ርእሱ «መብራት»። የሠሪው ስም ደግሞ ላፕቶፑ የሷ ስለሆነ ሁልጊዜ «ሰናይት»።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤቱ የሰርቪስ ኃላፊ ወይዘሮ ብርሃኔ ደወሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ጩኸታቸው ከጆሮዬ አልፎ ቢሮውን ሞላው።

አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ቤተሰቦቿ ከሀና ማርያም ወደ ለቡ ቤት ቀይረው ነበር። የለቡ መኪና ላይ ተመዘገበች። ከሀና ማርያም መኪና ላይ ግን ስሟን ያነሳ የለም። ረቡዕ ማታ የሀና ማርያም ዝርዝር ቀድሞ ተጠራ፤ ስሟ ሲጠራ ልጅቷ ገባች። እናቷ ለቡ መንገድ ዳር ቆማ የለቡው መኪና ልጇን ሳያወርድ ሲያልፍ አየች። ልጅቷ የተገኘችው ሀና ማርያም፣ የመኪናው ረዳት ጭን ላይ ብስኩት እየበላች ነው። ምንም አልሆነችም። እናቷ ግን እስክትደርስ ድረስ የሆነችውን ሆናለች።

«ሰው ነው የምትጫወቱበት!» አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ። «ሁለት መኪና ላይ ከገባ ቀይ ያሳያል አላላችሁም? የታል ቀዩ? ደግሞ ፊደሉም ተመልሶ ደቋል፣ ማንበብ አቅቶናል! አለቃሽን አገናኚኝ!»

አገናኘኋቸው።

አርብ ጠዋት ጋሽ ታምራት ሁላችንንም ጠራን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ከታሪኩ አንድ ገጽ አትሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አንድ ልጅ ሁለት መኪና ላይ ሲመዘገብ ቀዩን ምልክት የሚያወጣው ማጣሪያ የተሰረዘበት ኮሚት ነው። ስሙ፣ ሰናይት።

«ይሄን አንቺ ነሽ ያደረግሽው?»

ሰናይት ወረቀቱን አንስታ አየችው። «ማጣሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሰረዜን አላስታውስም። ግን ስሜ አለበት፣ ምን ልበል?»

«ትምህርት ቤቱ ሰው ካልቀየራችሁ ውሉን እናቋርጣለን ብሏል። ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ነቢል ይረከባል። ያንቺን ነገር ደግሞ... ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ያ «ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ሰናይት አንገቷን ነቀነቀች፣ ጠረጴዛዋ ጋ ተመለሰች፣ ለነቢል የማስረከቢያ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አርብ የምሳ ሰዓታችን ረዘም ይላል፤ ነቢል ለጁምዓ ይወጣል፣ ሰናይትና ጋሽ ታምራት የጾም ለመብላት ይወርዳሉ። ያን ቀን እኔ አልወረድኩም። ቲግን ከፈትኩ።

የወይዘሮ ብርሃኔ አንድ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ፊደሉ ተመልሶ ደቋል። ደቃቅ የነበረውን ፊደል ሰናይት እንዳተለቀችው ታሪኩ ውስጥ አንብቤያለሁ። ታዲያ ማን መልሶ አደቀቀው? ማጣሪያ የሚሰርዝ ሰው ፊደል ምን አደረገው?

የመኪና ዝርዝሩን የሚያወጣውን ፋይል ታሪክ ብቻ አወጣሁ። ማጣሪያው የጠፋበትን ኮሚት ከፈትኩ። ርእሱ «መብራት» ነው። የተሰረዘውን ቀይ መስመር ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩት፤ እየወረድኩ፣ እየወረድኩ። ማጣሪያው ተሰርዟል። የፊደሉ መጠን ተሰርዟል። ሰናይት ከዚያ በፊት በተለያዩ ቀናት ያስተካከለቻቸው የመውረጃ ቦታዎችም ተሰርዘዋል። አንድም አረንጓዴ አዲስ ሐሳብ የለም፤ ያለው አረንጓዴ ሁሉ አሮጌው ነው።

ጊት ለእያንዳንዱ ፋይል ይዘት እንደ አሻራ ያለ መለያ ይሰጠዋል። አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናል፤ ሁለት መለያ አንድ ዓይነት ከሆነ ይዘቱ ቁርጥ አንድ ነው። በዚያ «መብራት» ኮሚት ፋይሉ ያገኘውን መለያ ያዝኩና ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ ኮሚት፣ ሌላ ኮሚት፣ ሌላም። ማጣሪያው ከመጻፉ በፊት የነበረው ፋይል ላይ ስደርስ ያው መለያ ተቀምጧል። ፊደል በፊደል።

ማንም ምንም አልሰረዘም። አሮጌ ኮፒ ነው በአዲሱ ላይ የተጫነው። ሰው የሚሠራበትን አንድ ፋይል ፍላሽ ላይ በማድረግ ፈንታ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጦ አምጥቷል፤ ፎልደሩ ውስጥ ደግሞ የሰናይት ፋይል ያረጀ ነበር።

እጄን አጨብጭቤ ብድግ አልኩ። ከዚያ መልሼ ቁጭ አልኩ። በዚያው ኮሚት ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለወላጆች መልእክት የሚልከው ገጽ። ያን ገጽ በዚያ ሰሞን የሚሠራው ነቢል ብቻ ነበር።

ነቢል ማለት የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም እስከ ጀርመን አደባባይ በእግሩ አብሮኝ የሚሄድ፣ ጥያቄ ስጠይቅ ቢስቅም እንደ ሞኝ የማያየኝ ሰው ነው። ዝም ብል ሰናይት ትሄዳለች። ቀጥ ብዬ ጋሽ ታምራት ጋ ብገባ ደግሞ ነቢልን ከጀርባው አሳልፌ መስጠቴ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ነቢል፣ ና እስቲ አንድ ነገር እይልኝ።»

«ምሳ አልበላሽም? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

ሁለቱን ኮሚቶች አሳየሁት። መለያዎቹን አየ። የራሱን ገጽ አየ። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

«ፍላሹ የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ዩፒኤሱ ሲጮህ... ፎልደሩን ሙሉውን ነው የጎተትኩት። ወላሂ አላወቅኩም፣ ሀዩ።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሽ ታምራት ጋ ገብተሻል?»

«ገና።»

ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ለበሰ፣ ሰርግ የሚሄድ ይመስል። «በይ ነይ። እኔ ልቅደም፣ አንቺ አስረጂ።»

ጋሽ ታምራት የኔ ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ ሁሉንም አየ። ሰናይት ከኋላው ቆማለች። በቀላሉ አልተቀበለንም።

«እሺ፣ ሰናይት ራሷ ሰርዛው ቢሆንስ? ስትሰርዢ ወደ ድሮው ይመለስ የለ?»

«ማጣሪያውን ብቻ ብትሰርዝ የፊደሉ መጠን ይቀር ነበር፣ የመውረጃ ቦታዎቹም ይቀሩ ነበር» አልኩ። «እሷ ያስተካከለቻቸው ሁሉ አንድ ላይ ጠፍተዋል። የራሱን ሥራ አንድም ሳይቀር በአንድ ኮሚት የሚያፈርስ ሰው የለም።»

ጋሽ ታምራት ኬን እየተጫነ ወደ ላይ ወጣ፣ ጄን እየተጫነ ወረደ፣ መለያዎቹን በጣቱ እየነካ አስተያያቸው። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረ።

«ሰናይት፣ ይቅርታ።»

«እኔም አምኜ ነበር እኮ ጋሼ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ» አለች። ነቢልን አየችው። «አንተ ደግሞ ማስረከቢያውን ግማሽ ጽፌልህ ነበር፤ መልስልኝ።»

ነቢል ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ጋሽ ታምራት እሱንም አልተቆጣውም። «ልማዱን ያስለመድኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። ፍላሽ ይዞ መሮጥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆመ። አሁን ሥራ ስንጀምር የሌላውን አዲስ ለውጥ እናወርዳለን፤ ትንሽ በሠራን ቁጥር እዚያው በየማሽናችን፣ በየስማችን ኮሚት እናደርጋለን። ዩፒኤሱ ሲጮህ የሚሮጥ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ወንበሯን ጎተተችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ማጣሪያውን አንቺ መልሺው። እኔ አልነካም።» ከቀድሞው ኮሚቷ አውጥቼ መለስኩት። አንድ ልጅ ሁለት መኪና ላይ አስመዘገብኩ፤ ቀይ በራ። ፊደሉም ተለቀ። ኮሚት አደረግኩና ቲግን ከፈትኩ። ከሁሉም በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፦ ሀያት።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ጋ የሄደችው ሰናይት ናት፤ እኔንም ይዛኝ። ጋሽ ታምራት ቀድሞ ደውሎ ጥፋቱ የቢሮው አሠራር መሆኑን ነግሯቸዋል። ወይዘሮ ብርሃኔ መጀመሪያ ፊታቸውን አልፈቱም። ሆን ብለው አንድ ልጅ ሁለት ቦታ መዘገቡ፤ ቀይ በራ። ደግመው ሌላ ልጅ መዘገቡ፤ ቀይ በራ። ከዚያ ሰናይትን፣ «አንቺው ቀጥዪ፣ ሌላ ሰው እንዳትልኩብኝ» አሏት። መውጫ ሰዓት ላይ ቆመን አየን። ያቺ ልጅ ቦርሳዋን እየጎተተች ለቡ መኪና ውስጥ ገባች።

የተማርኩት ይሄ ነው። ኮሚት ላይ ያለው ስም ለውጡ በማን ማሽን እንደገባ ይናገራል። የሆነውን ለማወቅ ግን ኮሚቱን መክፈት፣ ከሱ በፊት የነበሩትንም መክፈትና እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ያስፈልጋል።