በፖስታ የታሸገችው እርምጃ

እትዬ የሺሃረግን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ልቁጠርላችሁ። ጠዋት ሻይና ዳቦ አምስት ብር፣ ምሳ ሽሮ አሥራ አምስት፣ ዝናቡ ሲብስ የባጃጅ ሁለት ብር። ይህ ቀላሉ ነው። ቦንጋ መናኸሪያ፣ የትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ተቀምጠው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ «ሺሺንዳ! ዋጫ! ቢታ ገነት!» ሲሉ የሚያልቀው ድምፃቸው አለ። መኪና ካመለጠው ተሳፋሪ በትንሹ አሥር ስድብ፣ ትርፍ ካልጫንኩ ከሚል ሾፌር ሁለት ሦስት ዛቻ። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ አንድ ተጨምሮባቸዋል። ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ «የቼዝ ንግሥት፣ ማሽንሽ ደኅና አደረ?» ይላቸዋል።

ማሽን የሚሉት የእኔን ስልክ ነው። ስለዚህ ነገሩን እኔ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ተከራይቼ የምኖር የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ቼዝ አላውቅም ነበር። እትዬ የሺሃረግ የለመዱት ከሾፌሮቹ ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ዛፉ ሥር ሲጫወቱ በመስኮት እያዩ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፣ ቀጥሎ ተሸነፉላቸው፣ በመጨረሻ አብረዋቸው መጫወት ተዉ።

ዘንድሮ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ዞኑን ወክሎ ሐዋሳ ለክልል ውድድር የሚሄድ አንድ የቼዝ ተጫዋች ይመረጥ ተባለ። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻው ጨዋታ እትዬ የሺሃረግን ከአቶ አዲሱ ጋር አገናኘ። አቶ አዲሱ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። እትዬ በግማሽ ነጥብ ይመሩ ስለነበር እኩል ቢወጡም ያልፋሉ።

ወደ መጨረሻው አቶ አዲሱ ዘንድ ንጉሡ፣ በሰያፍ ብቻ የሚሄድ አንድ ቢሾፕና በሰሌዳው ጠርዝ ላይ አንዲት ወታደር ቀሩ። የእትዬ ንጉሥ ብቻውን ነው። ተራው የእሳቸው ሆኖ ሲያስቡ የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አጨበጨበ።

«በቃ፣ በቃ! አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል። ነገ ትጨርሳላችሁ።»

እትዬ ጨዋታ ሲያድር ባለተራው ቀጣይ እርምጃውን ጽፎ እንደሚያሽግ መጽሐፍ ላይ አንብበዋል። ሌሊቱን አስቦ መጣ እንዳይባል ነው። በትኬት ጀርባ ጽፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱ። አቶ አዲሱ እየሳቁ በማሸጊያው ላይ ፈረሙበት፤ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ቦርሳው ውስጥ አደረገው።

በነጋታው ጨዋታ የለም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቃለ ጉባኤ ተለጥፏል፦ አቶ አዲሱ በዕቃ ብልጫ፣ ማለትም ብዙ ጠጠር ስለቀራቸው፣ አሸንፈዋል፤ ቅሬታ ያለው በአምስት ቀን ውስጥ ያቅርብ።

እትዬ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ስልክሽ ቼዝ ያውቃል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

ሱቅ ያለው ኸሊፋ የቼዝ ጨዋታ በሚሞሪ ካርድ አድርጎ ጭኖልኝ ነበር። ያደረውን ጨዋታ እንዳለ ደረደርነው። ስልኩ ትንሽ አሰበና ለአቶ አዲሱ ወገን አምስት ነጥብ ብልጫ ጻፈ። ክው አልኩ።

«እትዬ፣ ይኼም የፈረደው ለእሳቸው ነው።»

«ቁጥሩን ተይው። በሁለቱም ወገን አጫውቺው።»

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ይህንን ሠራን። መብራት ሲጠፋ ኸሊፋ ሱቅ ጄኔሬተር ላይ ቻርጅ እናደርጋለን። የእሳቸው ንጉሥ መሄድ የሚችልባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ሞከርን። ወታደሯን ላሳድድ ሲል ይሸነፋል። በጎን ልዙር ሲል ይሸነፋል። በአንዷ እርምጃ ግን፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጥጉን ሲይዝ፣ ስልኩ የፈለገውን ቢያደርግ አይጨርሰውም። ያቺ ወታደር ጫፍ ደርሳ ንግሥት የምትሆንባት የጥግ ቤት ጥቁር ናት፤ የአቶ አዲሱ ቢሾፕ ደግሞ የሚረግጠው ነጭ ነጩን ብቻ ነው። ንጉሡን ከዚያ ሊያስወጣው አይችልም። ቁጥሩ ግን አምስት እንዳለ ነው። ለካ ስልኩም እንደ ኮሚቴው ዕቃ ነው የሚቆጥረው!

«ፖስታው ውስጥ የጻፉት ይህችን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሲከፈት ታያለሽ።»

በአራተኛው ቀን ቅሬታቸውን ሊያቀርቡ ሲሄዱ ልጄን ሃሌሉያን አዝዬ አብሬያቸው አዳራሹ ገባሁ። አቶ አዲሱ ስልኩን ነጠቁኝና ቁጥሩን አይተው ለሰዉ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«አየሽ? ያመጣሽው ምስክር ለእኔ መሰከረ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እትዬ ያደረውን ጨዋታ ሰሌዳው ላይ ደረደሩ።

«ጥሩ። እንግዲያው በእርስዎ ቦታ ስልኩ ይጫወት። እኔ ለራሴ እጫወታለሁ።»

ስልኩ ያዘዘውን እኔ እያንቀሳቀስኩ ጀመርን። እትዬ ሳያስቡ ንጉሡን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ፈራች!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ትኬቷን ቆርጣ ልትሳፈር ነው!» አለ ሌላው።

ንጉሡ ጥጉን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ወጣ ገባ ነው። ምንም ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ ሃምሳ እርምጃ ከሞላ እኩል ነው፤ ደንቡን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ራሱ አንብቦልናል። ሰዉ ለማላገጥ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ሃያ ሲደርስ ያፏጫሉ። ሠላሳ ላይ ፉጨቱ ቀነሰ። አርባ አምስት ላይ የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሃምሳ ሲሞላ ያ አምስት ቁጥር ዜሮ ሆኖ ስልኩ እኩል አለ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼ የዛሬ ጨዋታ ነው። ከስልክ ጋር ስትለማመጂ ከርመሽ መጥተሻል። ያን ቀን ይህን ትሄጂ እንደነበር በምን እናውቃለን?»

«ፖስታውን ይክፈቱት።»

«የምን ፖስታ?»

እትዬ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡትን።»

«ስትሰጪኝ ማን አየ?»

ወደ አቶ አዲሱ ዞሩ። «እርስዎ ፈርመውበታል።»

«እኔ በቀን ስንት ነገር እንደምፈርም ታውቂያለሽ?»

እንደገና ተሳቀ። እኔ አፌን ስከፍት ሰብሳቢው እጁን አነሣብኝ። «አንቺ ያን ቀን አልነበርሽም። ሂጂ ልጅሽን አጥቢ።»

እውነቱን ነው፣ አልነበርኩም። ከተቀመጡት ውስጥ ግን ቢያንስ አሥራ አምስቱ ነበሩ። ሁሉም የገዛ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ «ፖስታውን አየሁ ብሎ የሚፈርም ሦስት ሰው ካመጣሽ እንፈልገዋለን» ብሎ በተነን።

ሐዋሳ የሚሄደው ቡድን ሊነሣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እስካሁን አንድም ሰው አልፈረመም። እኔ ግን የቦንጋ ሰው እንዲህ ሆኖ ይቀራል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ እትዬን ምን ልጻፍልዎ አልኳቸው። መስኮታቸው ላይ ሆነው ትኬት እየቆረጡ የነገሩኝ ይኸውና፦

«ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ፖስታው ሲታሸግ ያያችሁ ሰዎች፣ እኔን ደግፉኝ አላልኳችሁም። ዋጫ ስትሄዱም ሺሺንዳ ስትሄዱም በእኔ መስኮት ነው የምታልፉት፤ የምትፈርሙበት ወረቀት እዚሁ አለ፣ እስክሪብቶም አለ። የጻፍኳት እርምጃ የተሳሳተች ከሆነች አቶ አዲሱን እኔው ራሴ ትኬት ቆርጬ ወደ ሐዋሳ አሳፍራቸዋለሁ። ብቻ ይከፈት። ያያችሁትን አይተናል ብላችሁ ፈርሙልኝ።»